ስንጠብቅህ ነበር

ጥቅምት 3

የላይኛው መንጋጋ ሦስት፣ የታችኛው አንድ። የጥርስ ሐኪሙ ከፎቅ በካርቶን አስይዞ አወረደልኝ። እኔ ያለሁት ምድር ቤት ነው። የሰዎቹን ፊት አላይም። አፋቸው ብቻ ነው ወደ እኔ የሚወርደው፣ እሱም በጀሶ ተቀርጾ። አንዷ ሴትዮ የግራ ክራንቻዋ እንደ ድሮው ጠመም ይበልልኝ ብላለች አሉ። ወደድኳት። ሌላው ሁሉ የፊልም ተዋናይ ጥርስ ነው የሚፈልገው።

ማታ ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ደወለች።

«ዛሬ ከማን ጋር አወራህ?»

«ከሐኪሙ።»

«ምን አለህ?»

«‹ለሐሙስ ይደርሳል?› አለኝ።»

«አንተስ?»

«ይደርሳል አልኩት።»

«ወንድምዓለም፣ እማማ ካረፈች ወዲህ ያወራኸው ቢሰበሰብ የክብሪት ቀፎ አይሞላም» አለችኝ። ዝም አይነቅዝም አልኳት። «አንተ ግን ነቀዝክ» አለች። እትዬ መቼም አፏ አያርፍ።

ጥቅምት 5

እትዬ ሳትጠይቀኝ ስልኬ ላይ አንድ ግሩፕ ውስጥ አስገብታኛለች። «የእጅ ሥራ ወዳጆች» ይባላል። የሥራ ባልደረባዋ አባል ናትና በእሷ በኩል ነው። ገብቼ አየሁት። የሚሰፋ፣ የሚቀርጽ፣ የሚጠልፍ... ሁሉም ራሱን ያስተዋውቃል። ሥራዬ ይሄ ነው፣ ትርፍ ጊዜዬን በዚህ አሳልፋለሁ፣ ይኸው የሠራሁት፣ ብሎ ፎቶ። ራሱን በሳምንት ውስጥ ያላስተዋወቀ ይወገዳል የሚል ደንብ ከላይ ተለጥፏል።

ይወገድ። እኔ ምን አገባኝ?

ጥቅምት 8

ምን ብዬ ልጻፍ? ሞከርኩት።

«ሥራ፦ የሰው ጥርስ እሠራለሁ።» ሳነበው ዛቻ ይመስላል። አጠፋሁት።

«ትርፍ ጊዜ፦...» እዚህ ላይ ቆምኩ። ምሳ ሰዓት ላይ የተራረፈችውን ሰም አድበልብዬ አውሬ፣ ወፍ፣ ኤሊ እሠራለሁ። ወደ ቤት ስሄድ መልሼ አቀልጣቸዋለሁ። ሰሙ የሥራ ነዋ። ይሄ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ይባላል? ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እትዬ እንኳ አታውቅም።

ጥቅምት 9

ለጠፍኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ወፏን ጠረጴዛዬ ላይ እንዳለች ነው ያነሳኋት። ከኋላዋ ለማድረቅ የደረደርኳቸው ጥርሶች መኖራቸውን ያየሁት ከለጠፍኩት በኋላ ነው። አንዱ «ወፏ ትነክሳለች?» ብሎ ጽፏል። ሌላው «ልጄን አስለቀስክብኝ» ይላል። ጉድ እኮ ነው። ላጠፋው ስል ከሥሩ አንድ መልእክት ገባ። ኪሮሽ ከምትባል። ፎቶዋ ነጭ ዳንቴል ነው፣ ፊት የለውም።

«እንኳን ደህና መጣህ። ስንጠብቅህ ነበር። ወፏን የት አስቀመጥካት?»

ስንጠብቅህ ነበር።

ደጋግሜ አነበብኩት። ማን ጠብቆኝ ያውቃል? እናቴ ነበረች። ደረጃውን ስወጣ ኮቴዬን ለይታ በሩን ትከፍተው ነበር፣ ቁልፍ ይዤ እንኳ። አሁን ቁልፌን ራሴ አዞራለሁ፣ መብራቱን ራሴ አበራለሁ። ስንጠብቅህ ነበር... ሆዴ ባባ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ለማላውቃት ሴት፣ በስልክ።

ስለ ወፏ አልመለስኩላትም። አቅልጫታለሁ ብዬ እንዴት ልናገር?

ጥቅምት 12

ለኪሮሽ ለብቻዋ ጻፍኩላት። ግሩፑ ላይ ሳይሆን በውስጥ መስመር። አጭር ሊሆን ነበር። ስለ ሰሙ ጀመርኩ፣ ከዛ ስለ እናቴ፣ የመጨረሻዎቹን ወራት ማንንም ሳትለይ እኔን በእጄ ሽታ ብቻ እንዴት እንደምታውቀኝ፣ ቤቱ ሰው ሳይኖርበት እንዴት እንደሚሰፋ... ጣቴ አልቆም አለ። ስጨርስ ሻዩ በረዶ ሆኗል። ላክሁት።

አሁን ምን ትለኝ ይሆን?

ጥቅምት 13

አልመለሰችም። ሥራ ይዟት ነው።

ጥቅምት 14

አይ የኔ ነገር!

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ግሩፑን ስከፍት አንዲት አዲስ ልጅ ገብታለች። ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው፣ ዶቃ ትደረድራለች። ከሥር ኪሮሽ፦ «እንኳን ደህና መጣሽ። ስንጠብቅሽ ነበር። ዶቃውን በምን ፈትል ነው የምትሰኪው?»

ወደ ኋላ ተመለስኩ። ለአናጺው፦ ስንጠብቅህ ነበር። ለነርሷ፦ ስንጠብቅሽ ነበር። ለባልና ሚስቶቹ፦ ስንጠብቃችሁ ነበር። ለሁሉም! አንድ ሰው አልዘለለችም። እንደ ሱቅ በር ደወል፣ የገባ ሁሉ ያስጮኸዋል።

እኔ ደግሞ ለደወል ስለ እናቴ ጻፍኩ። ብቻዬን ተቀምጬ እስከ ጆሮዬ ቀላሁ። የላክሁትን ላጥፋው ብል እንዴት እንደሚጠፋ አላውቅም።

ጥቅምት 15

ጥርስ ነክሼባታለሁ። ለነገሩ ጥርስ መች ቸገረኝ።

ጥቅምት 21

ምንም።

ጥቅምት 26

ባለ ጠማማ ክራንቻዋ ሴትዮ ጥርሷን ወሰደች። ስትስቅ እስከ ታች ተሰማኝ። ወጥቼ ላያት ነበር... እጄን ስታጠብ ሄደች። ፀሐይ እያለ ቤት ገባሁ። ጎረቤቴን ደረጃ ላይ አገኘሁት፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ነቀነቅኩ። የዛሬው ወሬ ይኸው ነው።

ኅዳር 2

ግሩፑን በየቀኑ እከፍታለሁ። ለመጻፍ አይደለም፣ ለመናደድ ነው። ስንጠብቅህ ነበር፣ ስንጠብቅሽ ነበር እያለች ሳያት ደስ የሚል ንዴት እናደዳለሁ። ሰው ደግሞ ምን ያደርግ? ሌላ የሚያናድደኝ ሰው የለኝ።

ሰሞኑን ፊደል ትገድፋለች። ለአንዱ «እንኳ ደህ መጣህ» ብላዋለች። እሰይ፣ አልኩ። ትንሽ ሰው ነኝ።

ኅዳር 5

ኪሮሽ ጠፍታለች። ሁለት አዲስ ሰዎች ገብተዋል፣ ማንም ምንም አላላቸውም።

ኅዳር 6

አንድ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ገቡ። ከቆርቆሮ ጣሳ ትንንሽ አውቶቡስ ይሠራሉ። በሮቹ ይከፈታሉ! ፎቶውን አስፍቼ አየሁት። ወንበሮቹ እንኳ በየረድፋቸው አሉ። «ሥራዬ ሹፌርነት ነበር፣ አሁን ሥራ የለኝም፣ ትርፍ ጊዜዬ ግን ብዙ ነው» ይላሉ።

ማንም አልመለሰላቸውም። ሰው ሁሉ ያያል፣ ያልፋል። ኪሮሽ ትቀበላቸዋለች ብሎ ነው። ሁሉም በእሷ ተማምኗል። እኔም ጭምር።

ኅዳር 7

ጠዋት ከፈትኩት፣ የለም። ምሳ ሰዓት ከፈትኩት፣ የለም። ከሰዓት በኋላ ሹፌሩ ራሳቸው ከሥር ጽፈዋል፦

«ተሳስቼ ይሆን? የሚጻፈው እዚህ አይደለም እንዴ?»

አንጀቴን በሉት። ትልቅ ሰው በር ላይ ቆሞ «ቤቶች» እያለ፣ ቤት ሙሉ ሰው ዝም ብሎ ሲያየው... ነውር ነው። በጀሶ እጄ ስልኩን አንስቼ ጻፍኩ፦

«እንኳን ደህና መጡ አባባ።»

ከዛ ቆምኩ። የእሷን ቃል ላለመድገም ሌላ ፈለግሁ። «በመምጣትዎ ደስ ብሎናል»? የመንግሥት ማስታወቂያ ይመስላል። ደግሞስ እውነቱ ምንድነው? ከትናንት ጀምሮ ስልኬን ስከፍት ስዘጋ የዋልኩት ምን ሆኜ ነው?

«ስንጠብቅዎት ነበር። በሮቹን እንዲከፈቱ በምን አያያዟቸው?»

ወዲያው መለሱ። አንድ ገጽ ሙሉ። በእስክሪብቶ ሞላ ነው አሉ። መጀመሪያ በሽቦ ሞክረው አልሆነላቸውም፣ ሚስታቸው ናት ሞላውን ያሳየቻቸው፣ ነፍሷን ይማርና። መጨረሻ ላይ፦ «ዕድሜ ልኬን ሰው ጭኜ ስዞር ከኋላዬ ‹ወራጅ አለ› ብቻ ነው የሰማሁት። ስለ በሩ የጠየቅኸኝ አንተ ነህ ልጄ።»

ልጄ። ሃምሳን አልፌ ልጄ ተባልኩ። ከፋኝ? አልከፋኝም።

ኅዳር 8

ሳይመለስላቸው ያለፉትን ሁለቱንም ፈልጌ ተቀበልኳቸው። አንዷ ፋርማሲ ነው የምትሠራው፣ ለአሻንጉሊት ጫማ ትሰፋለች። ለአሻንጉሊት! ቁጥሩ ስንት ይባላል ብላት «እንደ እግሩ ነው፣ ቀድሜ እለካለሁ» አለችኝ። ኮስተር ብላ ነው የመለሰችው። ሙያዋን ታከብራለች፣ ደስ አለችኝ።

ስንጠብቅሽ ነበር ስል አሁን አያሳፍረኝም። ሲያዩት ደወል ነው የሚመስለው እንጂ ስትጽፈው ሌላ ነው። ስለ ሰውዬው ካላሰብክ ጥያቄው አይመጣልህም። በምን ፈትል ነው የምትሰኪው? ብላ ነበር ልጅቷን። ዶቃውን አይታ ነዋ። ወፏን የት አስቀመጥካት? ብላኝ ነበር እኔን... እኔ ነኝ ያልመለስኩት።

ኅዳር 15

እትዬ ደወለች።

«ምን ሆነሃል? ድምፅህ ልክ አይደለም።»

«ሰው ጠፋብኝ።»

«የምን ሰው? አንተ ሰው አለህ እንዴ?»

ሳቅኩ፣ እሷም ሳቀች፣ ከዛ ሁለታችንም መሳቃችን አሳፈረን። ነገርኳት። ኪሮሽ የምትባል ናት፣ ሁሉንም ሰው ትቀበላለች፣ ሰነበተች ከጠፋች። ቆንጆ ናት ወይ አለችኝ። ዳንቴል ናት አልኳት። «በሞትኩት!» አለች። ቀጥላ ግን፣ «በል ጠይቅ እንጂ። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፣ ምን ትጎለታለህ?»

ግሩፑ ላይ ጠየቅሁ፦ ኪሮሽ የት ናት? አናጺው «ዕረፍት ወጥታ ይሆናል» አለ። ነርሷ «እኔም ልጠይቅ ነበር» አለች። ስሟን የሚያውቅ የለም። የት እንደምትኖር የሚያውቅ የለም። ሁላችንንም በጥያቄ ስታፋጥጠን እሷን የጠየቃት የለም።

ኅዳር 19

ምሳ አልበላሁም።

ራሷን ስታስተዋውቅ ምን ብላ ይሆን ብዬ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከዓመት ዓመት እየተሻገርኩ፣ አውራ ጣቴ እስኪደነዝዝ። ግሩፑ ገና ሲከፈት ነው የገባችው፣ ከዓመታት በፊት። እንዲህ ይላል፦

«ሥራዬ ስልክ ማገናኘት ነበር። አሁን ሰው ራሱ ይደውላል። ትርፍ ጊዜዬን ዳንቴል እሠራለሁ። ይኸው ፎቶው። ሰው አለ?»

ከሥሩ ምንም። አንድም ሰው። ቀኑን አየሁት፣ ሳምንት ያልፋል፣ ምንም። ከዛ አንድ መልስ አለ። የማን ነው ብዬ አየሁ።

የራሷ።

«እንኳን ደህና መጣሽ። ስንጠብቅሽ ነበር። ዳንቴሉን ለማን ነው የምትሠሪው?»

ከእሱ ሥር ደግሞ እሷው ትመልሳለች፦ «ለማንም። እጄ እንዳይረሳ ነው።»

በማግስቱ አንድ አዲስ ሰው ገብቷል። ተቀብላዋለች። ከዛ ወዲህ ማንንም አላሳለፈችም።

አለቀስኩ። ምድር ቤት ውስጥ፣ በማላውቀው ሰው ጥርስ መሀል። ሐኪሙ ከላይ ጠራኝ፣ መጣሁ እያልኩ አልመጣሁም።

የራሷን በር ራሷ አንኳኩታ፣ ራሷ ከፍታ፣ ራሷን «ግቢ» ያለች ሴት... እኔ ደግሞ ጥርስ ነከስኩባት።

ከሥሩ ጻፍኩ፦ «ኪሮሽ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ዘገየን፣ ይቅርታ አድርጊልን። እየጠበቅንሽ ነው። ዳንቴሉ የት ደረሰ?»

ሹፌሩንም ነገርኳቸው። ወዲያው ገቡና ጻፉ። ከዛ ባለ ጫማዋ፣ ከዛ ነርሷ፣ ከዛ ሁሉም። ማምሻውን ገጹ አልቆ አያልቅም። እሷ ግን የለችም።

ኅዳር 21

አልመለሰችም።

ኅዳር 24

አልመለሰችም። ዛሬ ሁለት ጊዜ መንጋጋ አበላሸሁ። ሐኪሙ «አሞሃል?» አለኝ። ሰው ጠፍቶብኝ ነው ልለው ነበር። ምንህ ናት ቢለኝስ? ምኔ ናት?

ኅዳር 28

ሞታ ቢሆንስ? ይሄን ነው የማስበው ሰሞኑን። እናቴ ስትሞት እትዬ ነበረች፣ ጎረቤት ነበር፣ ወንበር የሚደረድር እንኳ ነበር። ይቺን ሴት ግን ብትሞት መርዶ የሚነግረኝ የለም። ቢነግሩኝስ ማን ሞተ ሊሉኝ ነው? ስም የለኝ፣ ፊት የለኝ። ነጭ ዳንቴል ሞተ ይባላል?

የእኔም እንደዛው ነው። ነገ ብቀር ግሩፑ ላይ «ባለ ጥርሱ የት ሄደ» የሚል ይኖር ይሆን? ሹፌሩ ይሉ ይሆናል። አዎ፣ እሳቸው ይላሉ።

ታኅሣሥ 1

ሁለት አዲስ ሰዎች። ተቀበልኳቸው። አንዱ በነፋስ የሚበር የወረቀት ካይት... አይ፣ ካይት የሚሠራው ሌላው ነው። አንዱ ምን ነበር? እንዲህ በአንድ ቀን ጠፋኝ።

ብርድ ነው። ሾርባ ሠርቼ ግማሹ ተረፈ። ለአንድ ሰው መሥራት እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

ታኅሣሥ 4

መጣች!!

በጽሑፍ አይደለም፣ በድምፅ ነው የላከችው። ሥራ ላይ ነበርኩ። እጄን ሳልታጠብ ከፈትኩት። ሸምገል ያለች ሴት ድምፅ ነው፣ ግን ጥርት ያለ፣ እያንዳንዱን ቃል ለይታ ነው የምታስቀምጠው። የሚሰማት ሰው ሩቅ አገር መስመር ላይ ያለ ይመስል።

ሦስቴ ስለሰማሁት በቃሌ ይዤዋለሁ፦

«እንደምን ዋላችሁ። ደህና ነኝ፣ አልሞትኩም። ዓይኔን ተቀድጄ ነው። መጀመሪያ አንዱን፣ ከዛ ሌላውን። ስልክ ማየት ተከልክዬ ነበር። ይቺ ጎረቤቴ ናት ዛሬ የከፈተችልኝና የጻፋችሁትን ስታነብልኝ የዋለች። ሐኪሙ ደግሞ እንባ ክልክል ነው ብሎኛል። እናንተ ልታሳውሩኝ ነው እንዴ?» እዚህ ላይ ትስቃለች፣ ወይ ታለቅሳለች፣ አልለየሁም። ከኋላዋ ጎረቤቷ «ተይ አሁን!» ስትል ይሰማል።

ከዛ፦ «መጀመሪያ የጻፈው ባለ ጥርሱ ነው አለችኝ። ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህና አላስታወስኩህም። አትቀየመኝ። ብዙ ሰው ነው ያለፈው። ለብቻዬ የሚጻፍልኝ አለ ይሉኛል፣ እሱን ሳጥን መክፈቱን አልችልበትም፣ አንድም ቀን አይቼው አላውቅ። ማንበብም ገና አልተፈቀደልኝም። ስለዚህ በአንደበትህ ንገረኝ። ማን ነህ?»

አላስታወሰችኝም።

መጀመሪያ ወጋ አደረገኝ፣ አልዋሽም። ስንቱን ቀን በእሷ ነገር ስብሰለሰል... ከዛ ባለፈው የተቀበልኩት ሰውዬ ትዝ አለኝ። ምን ነበር የሚሠራው? ገና አራት ቀኑ ነው። እሷ የዓመታት ነው ያለባት። ደብዳቤዬንም አላነበበችውም። በእሱ ስንት ቀን ቀላሁ! ብቻዬን የሳቅኩት ሳቅ ፎቅ ድረስ ተሰማ መሰለኝ፣ ሐኪሙ ወርዶ በበሩ አየኝና ተመለሰ።

ታኅሣሥ 5

እሑድ አይደለም፣ ግን ቀርቻለሁ። ጉንፋን ነው አልኩ።

የቤቱን መስኮት ዘጋሁ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ መቅረጫውን ነካሁ። «እ...» አልኩ። አጠፋሁት። «ጤና ይስጥልኝ፣ እኔ...» አጠፋሁት። ውሃ ጠጣሁ። ሰው ፊት እንደሚቀርብ ሰው ኮቴን ለበስኩ፣ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅ። መልሼ አወለቅሁት።

ደግሞ ነካሁት። በዚህኛው ዝም ብዬ ጀመርኩ። ጥርስ እሠራለሁ አልኳት። ሰሙን ነገርኳት፣ የሰም አውሬዎቹን በየቀኑ እንደማቀልጣቸው፣ ወፏንም ያን ዕለት እንዳቀለጥኳት። እናቴን ነገርኳት። ስለ ባለ ጠማማ ክራንቻዋ ሴትዮ ስነግራት ራሴው ሳቅኩ። ስልኩ ልሙት ልሙት ሲል ቻርጀሩን እየሰካሁ ማውራቴን አላቆምኩም። ይሄ ሁሉ ወሬ ውስጤ ነበር እንዴ?

ከመላኬ በፊት፣ ነውር ነገር እንዳይኖረው ልስማው ብዬ ከፈትኩት።

ደነገጥኩ። አባቴ ነው የሚያወራው።

አባቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ። የእሱ ድምፅ ነው፣ ቃሉን መጨረሻ ላይ ጎተት አድርጎ የሚተው አነጋገሩ፣ ከመሳቁ በፊት የሚስባት ትንፋሽ እንኳ ሳትቀር። ደግሜ ሰማሁት። ድምፄ የአባቴን ድምፅ ሆኗል። መቼ ነው የሆነው? ስንት ዓመት ይሆነው? እትዬ በስልክ ምንም አላለችኝም፣ አንድ ቃል ሁለት ቃል ነዋ የምመልስላት። ሌላ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

ላክሁላት።